ነጩ ገደል ከላይና ከታች

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

  

በዛሬው ዝግጅታችን እንደ ወትሮው የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ይዘን አልቀረብንም። ከጀመዓችን ጋር በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ያደረግነውን ጉዞ ልናጫውታችሁ አስበናል። የጨዋታችን መነሻ በዓለም የታወቀ አንድ ገደል ነው። መድረሻው ደግሞ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ የሠራነው ስህተት ነው። ስህተትን በሬዲዮ መናገር ደስ የሚል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከእኛ ስህተት አንድ ወጣት እንኳ ቢማርበት ይበቃናል ብለን ነው የተነሳነው።

“ገደል ለማየት ደግሞ ማን ይጓዛል? አገራችን ገደል ሞልቶላት የለም ወይ?” የምትሉን እንደምትኖሩ እናውቃለን። እኛም ጉዞው በኮሚቴያችን ሲነሳ ያልነው ይህንኑ ነበር። እውነት ነው፣ ገደል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ፣ ጣርማ በርን ያለፈ፣ የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሁሉ ገደል ያውቃል። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ከብት የጠበቁ ናቸው። ይህ ትውውቃችን ግን በዚያ ቀን ሊጎዳን ነበር። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።

የሄድንበት ቦታ በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እዚያ እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየው ኢንግሊሽ ቻናል የሚባለው ባሕር አለ። በዚህ ባሕር ዳር ነጫጭ ገደሎች ግድግዳ ሠርተው ቆመዋል። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው በስተ ምሥራቅ የሚገኘውን የዶቨርን ገደል ነው። እኛ የሄድንበት ግን “ሰቨን ሲስተርስ” ይባላል፤ “ሰባቱ እህትማማቾች” እንደ ማለት ነው። ከኩክሜር ወንዝ አፍ አንስቶ ቢርሊንግ ጋፕ እስከሚባለው ቦታ ድረስ ነጫጭ ጉብታዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ባሕሩን ይመለከታሉ። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች እንኳ ዶቨርን ለማሳየት ሲፈልጉ አንዳንድ ጊዜ ወደዚህ መጥተው ይቀርጻሉ፤ ከዶቨር ይልቅ እዚህ ገደሉ ንጹሕና ነጭ ሆኖ ስለሚታያቸው ነው። ለምን ነጭ እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አያስብም። እኛም አላሰብንም ነበር።

ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶችና ሕፃናት ሆነን በተከራየነው አውቶቡስ በጠዋት ተነሳን። አገር ቤት ክረምት ቢሆንም እዚያ ወሩ በጋ ነውና ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እናቶቻችን ሳምቡሳውን፣ ድፎ ዳቦውን፣ በፔርሙዝ የተቀዳውን ሻይ አሰናድተው ነበር። ኤክሲት በተባለ ቦታ ወርደን የኩክሜርን ሸለቆ ይዘን በእግር ወደ ባሕሩ አመራን። ወንዙ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በሸለቆው መካከል ይታያል። በእርግጥ ያ የሚታየው ጥምዝምዝ አሮጌው መንገዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቀጥ ያለ ቦይ ስለተቆፈረለት ዋናው ውሃ የሚሄደው በቦዩ ነው። በጎች በአጫጭሩ ሣር ላይ ተበታትነው ይግጣሉ። ለንደን የተወለዱት ልጆቻችን በግ ሲያዩ ጮኹ። አንዲት እናታችን ደግሞ እያዩ “ይሄ ሳር የእኛን አገር መስከረም አስታወሰኝ” አሉ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ ዳገቱን ይዘን ወደ መጀመሪያዋ እህት ወጣን። ይህች ጉብታ ሄቨን ብራው ትባላለች፤ ከሰባቱ ሁሉ ከፍተኛዋም እሷ ነች። ከባሕሩ በላይ 77 ሜትር ነው ቁመቷ፤ ሃያ አምስት ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሁላችንም “ሱብሓነላህ!” አልን። ከእግራችን ሥር አረንጓዴ ሣር፣ ከፊታችን ሰማያዊ ባሕር፣ በስተ ግራችን ደግሞ ነጩ ግድግዳ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ነጭነቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል።

ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጠመኔ ነው፤ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ስንጽፍበት የኖርነው ዓይነት። የዛሬው የትምህርት ቤት ጠመኔ በአብዛኛው ጂፕሰም ከሚባል ሌላ ነገር ይሠራል። “ቾክ” የሚለው እንግሊዝኛ ስሙ ግን የዚህ ድንጋይ ስም ነው። በእጅ ሲነካ ጣትን ነጭ ያደርጋል፣ በጥፍር ሲፋቅ ይፋቃል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ድንጋዩ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ነው። ኮኮሊቶፎር የሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች በጥንቱ ሞቃት ባሕር ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም በባሕሮች ውስጥ አሉ። እያንዳንዳቸው ገላቸውን በጥቃቅን ክብ የኖራ ቅርፊቶች ይሸፍናሉ። ሲሞቱ ቅርፊቱ ቀስ እያለ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። በሺህ ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ዝቃጭ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ድንጋይ ሆነ። ይህ የሆነው ከ80 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እንደሆነ የሥነ ምድር ሊቃውንት ይናገራሉ። ኋላም የአፍሪቃ ምድር ወደ አውሮፓ እየተገፋ የአልፕስን ተራሮች ሲያነሳ፣ ይህም የባሕር ወለል አብሮ ከፍ ከፍ አለ።

በነጩ ግድግዳ ውስጥ አግድም የተሰመሩ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። እነሱ ባልጩት ናቸው፤ ስፖንጅ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ከተዉት ሲሊካ የተሠሩ። ሰባቱ ጉብታዎችም ታሪክ አላቸው። በበረዶው ዘመን መሬቱ ረግቶ ውሃ ወደ ውስጥ መግባት ሲያቅተው በላዩ ላይ እየፈሰሰ ሸለቆዎችን ቆፈረ። ዛሬ ጠመኔው ውሃ ስለሚመጥጥ ሸለቆዎቹ ደረቅ ናቸው። ባሕሩ ከጎን መጥቶ ጉብታውንም ሸለቆውንም እንደ ዳቦ ስለቆረጣቸው ነው ያንን ከፍ ዝቅ የሚል መልክ የምናየው።

እንግዲህ ወደ ስህተታችን እንምጣ።

ከመካከላችን አንድ ወጣት ነበር፤ የወሎ ልጅ ነው። ሰሃራን በጭነት መኪና፣ ሜዲትራኒያንን በጀልባ፣ ይህንኑ ኢንግሊሽ ቻናልንም በጎማ ጀልባ ተሻግሮ እንግሊዝ የገባ ልጅ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው ታዛዥ፣ ሁላችንም የምንወደው። እሱ ቀጥ ብሎ ወደ አፋፉ ሄደና እግሩን ወደ ባሕሩ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ስልኩን ወደ ኋላ አቀብሎ “ከጎን አንሱኝ፣ ነጩ እንዲገባ አድርጉ” አለን።

እኛም አነሳነው። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። “ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀና በል” እያልን አነሳነው። ሁለታችን ደግሞ ፎቶው ሲያምር አይተን ከአጠገቡ ተቀመጥን። አንድም ሰው “ተው” አላለም። ልጆቻችንም በሩቅ ቆመው እኛን ያዩ ነበር።

ከሁሉ ኋላ ቀስ እያሉ ዳገቱን የሚወጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ የመጡ አባት ናቸው። ደርሰው ሲያዩን ቆም አሉ። ሳይጮኹ፣ በለሰለሰ ድምፅ “ልጆቼ፣ ኑ ወደዚህ” አሉን።

ወጣቱ ዞር ብሎ ሳቀ። “ሐጂ አይስጉ፤ እኛ እኮ ገደል ላይ ከብት ስንጠብቅ ነው ያደግነው። ደግሞስ ሰሃራን ያቋረጠ ሰው ይሄን ይፈራል?” አላቸው።

ሐጂ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መለሱለት። “ልጄ፣ ሰሃራን ስታቋርጥ ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረህም። እዚህ ግን አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ምን ይጎድልብሃል?” አሉት። ቀጥለውም፣ “የአገራችን ገደል ጥቁር ድንጋይ ነው። ይሄ ጠመኔ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠመኔ ጎብጦ አያስጠነቅቅህም፤ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። በል ቀስ ብለህ ተነስና ና” አሉ።

ተነሳ። እኛም ተነሳን። ነገር ግን ደስ ብሎን አልነበረም። ወጣቱ ፊቱ ጠቆር አለ። ከእኛም አንዳንዶቻችን “ሽማግሌ ነገር ያከብዳል” ብለን በሆዳችን አጉረመረምን። ሐጂም አውቀውብን ይሆናል፤ ምንም አላሉም።

ሁለት ጉብታ ያህል ተሻግረን ተመለስን። መንገደኞች ስለነበርን ከገደሉ ርቀን በሣሩ ላይ ዙህርና ዐስርን አቀላቅለንና አሳጥረን ሰገድን። ሳምቡሳው ተበላ፣ ሻዩ ተጠጣ። ከዚያ ልጆቹ ውሃ እንንካ ሲሉን ወደ ሸለቆው ወርደን የወንዙ አፍ ወዳለበት የጠጠር ዳርቻ ሄድን። እዚያ ቆመን ጠዋት የነበርንበትን ገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች አየነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከላይ ስንቆም የታየን ሜዳ ነበር። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ወፍራም፣ ደልዳላ፣ ስጋጃ የመሰለ ነው። ከታች ስናየው ግን አፋፉ እንደ ቤት ክዳን ወደ ፊት ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው ጠመኔ ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። በቦታ ቦታ ላይ የሣሩ ሥርና አፈሩ ብቻ ነው በአየር ላይ የቀረው። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ስንጥቆች አሉ። ከግርጌው ደግሞ በቅርቡ የወረደ ነጭ ናዳ ተከምሮ፣ ማዕበሉ እያጠበው ባሕሩ በዚያ በኩል ወተት መስሏል።

በዚያው ቅጽበት ሁለት የማናውቃቸው ጎብኚዎች መጥተው ጠዋት እኛ ከተቀመጥንበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አንጠለጠሉ። ከታች ሆነን የምናየው እግራቸውንና ከእግራቸው በታች ያለውን ባዶ ነገር ነበር። ጮኽን። ነፋሱ ድምፃችንን ወሰደው። ነጠላ ያላት እህታችን ነጠላዋን አወለበለበች፤ ሌሎቻችን “ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!” በሚል ሁኔታ እጃችንን አወዛወዝን። እነሱም አዩንና እየሳቁ እጃቸውን መልሰው አወዛወዙልን። ሰላምታ መስሏቸው ነው።

ጥቂት ቆይተው ተነስተው ሄዱ፣ አልሐምዱሊላህ። ገደሉ አልወረደም። ምን ላይ ተቀምጠው እንደነበር ግን ሳያውቁ ሄዱ። እኛም ወርደን ባናይ ኖሮ ሳናውቅ ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ወጣቱ ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ያንን ቦታ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ሐጂ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ። ምንም አልተነጋገሩም።

ከጉዞው መልስ ስለ ቦታው ስናነብና ስንጠይቅ ያየነው ነገር የአጋጣሚ እንዳልነበረ ተረዳን። ማዕበሉ የገደሉን እግር ይቦረቡራል። ዝናቡ ከላይ በስንጥቆቹ ውስጥ ይገባል፤ ጠመኔም ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይደክማል። በቀዝቃዛው ወቅት በስንጥቁ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን እየሰፋ ድንጋዩን ይገፋዋል። ከላይ ያለው ክብደት ድጋፍ ሲያጣ ትልቅ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ይወርዳል። መቼ እንደሚሆን ማንም በትክክል ሊናገር አይችልም። ፀሐያማና ጸጥ ያለ ቀንም ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት በዚሁ አካባቢ፣ ቢቺ ሄድና ሆፕ ጋፕ በተባሉ ቦታዎች ያለውን ገደል መርምሮ ነበር። ባለፉት ሺህ ዓመታት ገደሉ በዓመት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሲሸሽ ኖሯል። ባለፉት 150 ዓመታት ግን ፍጥነቱ በዓመት ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። አጥኚዎቹ ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች አንዱ ማዕበሉን ያበርድ የነበረው የዳርቻው ጠጠር መመናመኑ ነው። ይህ በአማካይ የተሰላ ነው። ገደሉ ግን በየዓመቱ ተራ ጠብቆ አንድ ስንዝር አይወርድም። ለዓመታት ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ይዞ ይሄዳል።

ቢቺ ሄድ ከሰቨን ሲስተርስ በስተ ምሥራቅ ያለ 162 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል ነው፤ በብሪታኒያ ከባሕር ዳር የጠመኔ ገደሎች ሁሉ ከፍተኛው። እዚያ ከገደሉ ተለይቶ ቆሞ የነበረ ትልቅ የጠመኔ ዓምድ እ.ኤ.አ. በ2001 ተንዶ ባሕር ገባ። በዚያው አቅራቢያ ቤል ቱት የሚባል አሮጌ የመርከብ መብራት ማማ አለ። በ1830ዎቹ አገልግሎት ሲጀምር ከአፋፉ ርቆ ነበር። ገደሉ እየቀረበ ሲመጣበት እ.ኤ.አ. በ1999 ሕንጻው እንዳለ በሃይድሮሊክ ክሪክ ተነስቶ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተወሰደ። ቢርሊንግ ጋፕ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 ለባሕር ጠባቂዎች የተሠራ የተያያዘ የቤቶች ተርታ ነበር። ገደሉ ሲደርስባቸው ከዳር ያሉት አንድ በአንድ ፈርሰዋል።

ልብ በሉ፤ የአገሩ ሰዎች ገደሉን ስለሚያውቁት የድንጋይ ማማ አንስተው ወደ ኋላ ወስደዋል። እኛ ግን እግራችንን ማንሳት ከበደን።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች ወጣት ተማሪ በዚሁ በሰቨን ሲስተርስ አፋፍ ላይ ፎቶ ለመነሳት ስትዘል ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። የተማረች፣ ገና ብዙ የሚጠብቃት ልጅ ነበረች። ያነሳላትም ሰው ክፉ አሳቢ አልነበረም። እኛም ያንን ቀን ስልክ ይዘን “ቀና በል” ስንል የነበርነው በክፋት አልነበረም።

እንግዲህ ገደሉ ለምን ነጭ እንደሆነ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ነጭ የሆነው ስለሚወርድ ነው። ማዕበል እንዳይነካው የተከለለ የጠመኔ ገደል ጊዜ ሲያልፍ ይጠቁራል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ያበቅላል። ሰቨን ሲስተርስ ግን ሳያቋርጥ ስለሚናድ ፊቱ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያደንቀው ያ ንጹሕ ነጭነት ትናንት የወደቀው ድንጋይ ቦታ ነው። ውበቱና አደጋው አንድ ናቸው። ስለዚህ “እንዴት ያምራል!” ያለ ሰው በዚያው አንደበቱ “እንግዲህ ልራቅ” ሊል ይገባል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ጉዞ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛው፣ የለመድነው ነገር የማናውቀውን ነገር እንዳይሸፍንብን ነው። የወሎ ገደል አብዛኛው ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ያም ቢሆን ይወርዳል፣ ሰውም ይጎዳል፤ ግን እረኛ ለዘመናት ቦታውን ያውቀዋል። የትኛው ድንጋይ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚከዳ ከአባቱ ሰምቷል። እኛ ያንን እምነታችንን ተሸክመን ሄደን ጠመኔ ላይ ተቀመጥን። ከአገር አገር የሚዞር ሰው ሁሉ ይህን ያስብበት። ባሕሩም፣ በረዶውም፣ መንገዱም እንደ አገሩ ነው። የአገሩን ሰው መጠየቅ፣ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ውርደት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ነሲሓ የሁላችንም ድርሻ መሆኑ ነው። በዚያ አፋፍ ላይ ብዙ ሰዎች ነበርን። እንግሊዝ አገር ሃያ ዓመት የኖርን፣ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የምንችል ነበርን። የተናገሩት ግን እንግሊዝኛ የማይጠቀሙት፣ ዳገት የከበዳቸው ሐጂ ናቸው። እኛ ዝም ያልነው ደስታውን እንዳናበላሽ ብለን ነው። ለአንድ ሰው ማሰብ ማለት ግን አንዳንድ ጊዜ ደስታውን ለደቂቃ ማበላሸት ነው። ሕይወት ከአላህ የተሰጠን አማና ናት። የራስን ብቻ ሳይሆን የወንድምንም ሕይወት መጠበቅ ከዚያው ይገባል። ሐጂ ደግሞ እንዴት እንደተናገሩ አስተውሉ። አልጮኹም፤ አፋፍ ላይ ያለን ሰው ማስደንገጥ ራሱ አደጋ ነውና። አልሰደቡም፣ አላዋረዱም። “ልጄ” ብለው ጠሩት።

ሦስተኛው ፎቶውን የሚመለከት ነው። ወጣቱ ጠዋት የተነሳውን ፎቶ ወዲያው አገር ቤት ላለ ታናሽ ወንድሙ ልኮት ኖሯል። ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ደውሎለት “ያንን ፎቶ ለእማ እንዳታሳያት፣ አጥፋው” ሲለው ሰማን። ወንድሙም፣ “ለምን? እኔ እኮ እንግሊዝ ስመጣ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ነው የምነሳው ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው” አለው። ወጣቱ ዝም አለ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኛ ዞረና “እኔ ተነሳሁ፤ እሱን ግን አስቀመጥኩት” አለን። ከሐጂ ንግግር ቀጥሎ በዚያ ቀን የሰማነው ትልቁ ቃል ይህ ነው። የምንልከው ፎቶ የተቀመጥንበትን ውበት ያሳያል፤ ከሥር ያለውን ባዶነት አያሳይም። ያየው ሁሉ ደግሞ እንደ እኛ ሊቀመጥ ይመኛል።

ወደ እነዚህ ቦታዎች የመሄድ ዕድል ለሚገጥማችሁ ጥቂት ምክር እንጨምር። ሂዱ፤ ውብ ቦታ ነው፣ ለቤተሰብም ይስማማል። ነገር ግን ከላይ ስትሆኑ ከአፋፉ ቢያንስ አምስት ሜትር ራቁ፤ ልጆቻችሁንም እጃቸውን ያዙ። ነፋስ ባለበት ቀን ከዚያም በላይ ራቁ። ከታች ስትሆኑ ከገደሉ ግርጌ አትቀመጡ፣ ጥላ ነው ብላችሁም አትጠጉ፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሳታውቁ በገደሉ ሥር ረጅም መንገድ አትሂዱ። ባሕሩ ሲሞላ መመለሻ ያሳጣል፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ መውጫ የለም። በእንግሊዝ አገር አደጋ ከገጠመ 999 ደውላችሁ የባሕር ዳር ጥበቃውን ጠይቁ። ራሳችሁ ወርዳችሁ ለማዳን አትሞክሩ። ፎቶም ተነሱ፤ ከሩቅ ቆማችሁ ተነሱ፤ ገደሉ ትልቅ ነው፣ ከሩቅም ይገባል።

እኛም በሚቀጥለው በጋ ኢንሻአላህ ተመልሰን ለመሄድ አስበናል። ሐጂ አንድ ነገር ጠይቀውናል፤ በመጀመሪያ ልጆቹን ወደ ታች ወስደን ገደሉን ከሥሩ፣ ከሩቅ ሆነው እንዲያዩት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ እንድንወጣ። ትምህርቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብለዋል። እኛም ተስማምተናል። ልጆቹን ይዞ የሚወርደው ያ ወጣት ነው፤ ራሱ ጠይቆ ነው።

አላህ ከማናውቀው አደጋ ይጠብቀን፤ ሲነግሩን የምንሰማ፣ ስናይ ደግሞ የምንናገር ያድርገን። ወጣቶቻችንን በየሄዱበት ይጠብቅልን፤ ለሚጠብቋቸው እናቶችም በሰላም ያገናኝልን። አሚን።

እስከ ሚቀጥለው ዝግጅታችን ደህና ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።